ለዘንድሮ አጨዳ የትኛውን ድንኳን እንግዛ?

የጤፍና የስንዴው ዋጋ ጠዋት ተለጥፏል፣ ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ እዩት። የቡናው ማታ ይገባል። አሁን የምጽፈው ስለ ዋጋ ነው፣ ግን ስለ እህል አይደለም። ስለ ድንኳን ነው።

ነገሩ የመጣው ከአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ግዢ ክፍል ነው። በውስጥ መስመር እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «ለቡና ማድረቂያ ጣቢያ ጥበቃዎች ዘጠኝ ድንኳን ልንገዛ ነው። ያሉት ተቀድደዋል። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበናል፣ ዝቅተኛውን ልንወስድ ነው። አንተ ሁሌ ሜዳ ላይ ስለምታድር ምን ትላለህ?»

«ሁሌ ሜዳ ላይ ስለምታድር» የምትለዋ ቃል ትንሽ አሳፈረችኝ። ለምን እንዳሳፈረችኝ ልንገራችሁና ከዚያ ወደ ግዢው እንሄዳለን፤ እኔም ዘንድሮ የምተካው ድንኳን ስላለኝ ሰሞኑን ሾላን ስዞርበት ነው የከረምኩት።

አምና ኅዳር ላይ ባሌ ነበርኩ፣ ከሮቤ ከተማ ወጣ ብሎ። የስንዴ ሰዓት ነው። አርሲና ባሌ በአጨዳ ጊዜ ሄዳችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ኮምባይነር ከማሳ ማሳ ሲዞር ከኋላው አንድ ትንሽ መንደር አብሮት ይዞራል፤ ኦፕሬተሩ፣ ረዳቱ፣ ነዳጅ አመላላሹ፣ ተሸካሚው፣ ሚዛን ያዡ፣ ደላላው። ከተማ ገብቶ ማደር ያለ ነው፣ ግን ሌሊት ማሳው ዳር የቆመውን እህል ማን ይጠብቃል? ገበሬው ጎተራው እስኪያስገባ ወይም አይሱዙው እስኪጭን ድረስ ማዳበሪያው እዚያው ተደርድሮ ነው የሚያድረው። ስለዚህ ድንኳን አለን።

ያኔ የነበረን ድንኳን «የአራት ሰው» ተብሎ የተሸጠልኝ ክብ ድንኳን ነበር፣ አንድ ድርብ ብቻ፣ ሰማያዊ። የገዛሁት በርካሽ ነው። ረዳቴ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ የሾላ ልጅ፤ እናቱ እዚሁ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራት። ልጁ ከናሙናውና ከሚዛኑ ጋር ድንኳን ውስጥ ያድራል። እኔ የመኪናው ጋቢና ውስጥ አድራለሁ።

በሦስተኛው ሌሊት ዝናብ መጣ። ለክረምት የሚሆን ዶፍ አልነበረም፣ ከነፋስ ጋር የመጣ የሁለት ሰዓት ዝናብ ነው። ነፋሱ አንዱን የፋይበር ዘንግ ሰነጠቀው፣ ድንኳኑ በአንድ ጎኑ ወደቀ፣ ጣሪያው ውሃ አቆረ። ልጁ ተነስቶ ማዳበሪያዎቹን የሸፈነውን ሸራ ሲያጠብቅ ነው ያደረው እንጂ ወደኔ መጥቶ አላንኳኳም። እኔ ዝናቡን ሰምቼ ነበር። «ድንኳን አለው» ብዬ ተገለበጥኩ።

ጠዋት ላይ ኪሳራውን ቆጠርን። ናሙናው በሙሉ ረጥቧል። የሚዛን ደብተሩ ረጥቦ የሁለት ገበሬዎች ገጽ ቀለሙ ፈስሷል። አንደኛው ያስታውሰዋል፣ እኔም አስታውሰዋለሁ፣ ተስማማን። ሁለተኛው አባት «31 ኩንታል ነው ያስገባሁት» አሉ። እኔ 27 ነው የማስታውሰው። እሳቸው ሊረሱ ይችላሉ፣ እኔም ልረሳ እችላለሁ፤ ደብተሩ ግን የኔ ነው። የአራት ኩንታሉን ዋጋ ከኮሚሽኔ ከፈልኩ። ልጁ ደግሞ በአራተኛው ቀን ደረቱን ያዘው፣ ሮቤ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ መርፌ ጀመረ፣ አዲስ አበባ መለስኩት።

እትዬ ጋ ስሄድ ብዙ አልተናገረችም። ቅቤዋን እየመዘነች፣ «አንተስ የት ነበር የተኛኸው?» አለችኝ።

«ጋቢና ውስጥ» አልኳት።

«እሺ» አለች፣ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

እንግዲህ ዩኒየኑ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን ሊወስድ ነው ሲለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ይሄ ነው። ፕሮፎርማው ላይ የሚፈርመው ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ አንድ ሌሊት አያድርም። እኔም አላደርኩም። ለዚህ ነው «ድንኳን» የሚለውን ቃል ብቻ አይቼ የገዛሁት።

አሁን ወደ ሥራው።

ድንኳን ለመግዛት መጀመሪያ የሚታየው ዋጋው አይደለም፣ ሰማዩ ነው። የት ነው የሚተከለው፣ በየትኛው ወር? እኛ አገር «በጋ ነው፣ ደረቅ ነው» ብሎ መዝጋት አይቻልም። በሚቲዎሮሎጂ አቆጣጠር በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ለሰሜኑና ለመካከለኛው ደጋ ደረቅ ወቅት ይባላል፤ ለደቡቡና ለደቡብ ምሥራቁ ቆላ ግን ጥቅምትና ኅዳር ሁለተኛው የዝናብ ጊዜው ነው። ባሌ ደግሞ መሀል ላይ ናት፣ ከሁለቱም ትቀምሳለች። ደረቅ የሚባለውም ቦታ ቢሆን ዋስትና የለውም። በ2012 በጋ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከልክ በላይ ሞቆ፣ ብዙው ምሥራቅ አፍሪካ ከመደበኛ በላይ ዝናብ ሲወርድበት፣ አንበጣውም ተጨምሮበት፣ የታጨደና ያልታጨደ ሰብል ለማትረፍ ስንት ርብርብ እንደነበር። በ2016 መጀመሪያም ኤልኒኞና የህንድ ውቅያኖሱ ተጋግዘው ሶማሌ ክልልን በጥቅምትና በኅዳር በጎርፍ አጥለቀለቁት። የውቅያኖሱ ነገር ለቡና ላኪ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ድንኳን ገዢንም ይመለከተዋል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅቱ ሲገባ የበጋውን ትንበያ ያወጣል፣ ከዚያ በየአሥር ቀኑ ለግብርና የሚሆን መግለጫ ያወጣል። ብዙዎቻችን የምናነበው ዜና ላይ ያለችውን አንዷን መስመር ነው። ካርታውን እዩት። ትንበያው የሚነገረው በሦስት ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች፣ ለእያንዳንዱ የመሆን ዕድሉ በመቶኛ ተቀምጦ። «ከመደበኛ በታች 45 በመቶ» ማለት አይዘንብም ማለት አይደለም። ደግሞ ለሦስት አራት ወር ድምር ነው የሚያወራው። እኔን አምና የመታኝ የሁለት ሰዓት ዝናብ ወቅቱን በሙሉ «ከመደበኛ በታች» ከመባል አያድነውም። ስለዚህ ወቅታዊው ትንበያ ለበጀት ነው፣ የአሥር ቀኑ ለመንቀሳቀሻ ነው፤ ድንኳኑ ግን የሚገዛው ሊመጣ ለሚችለው አንድ መጥፎ ሌሊት ነው።

ከዝናቡ ሌላ ብርዱ አለ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጅማ 1,700 ሜትር ምናምን ላይ ናት፣ ሮቤ ወደ 2,500 ትጠጋለች፣ በቆጂና ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደመና በሌለበት ሌሊት ደብረ ብርሃን ዙሪያ ውርጭ አለ፣ ይሄን ለመንዝና ለቡልጋ ሰው መንገር ማሾፍ ነው። ፀሐዩም እንደዚሁ፤ ከፍ ባልን ቁጥር የፀሐዩ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ይበረታል። ባሕር ዳርቻ ላይ (የአውሮፓውን ማለቴ ነው) አምስት ዓመት የሚያገለግል ጨርቅ እኛ ደጋ ላይ ቶሎ የሚሰባበረው ለዚህ ነው። የአምናው ሰማያዊ ድንኳኔ ጣሪያ በጣት ሲነካ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ነበር የሚቀደደው።

ቆላ የምትወርዱ ደግሞ ሌላ ዓለም ናችሁ። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ጥላና አየር ነው፤ ዙሪያውን የተዘጋ ወፍራም ድንኳን ብትገዙለት ቀን ቀን ምድጃ ነው የገዛችሁለት። ለእሱ አራት ቋሚ፣ ከላይ ሸራ፣ ከውስጥ አጎበር ይበቃል። ወባው ነው የሚገድለው። ይሄን በዚህ አልፈዋለሁ።

ሾላ ገበያ ድንኳን የሚገኝበት ቦታ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ሾላ የቅቤ፣ የበርበሬ፣ የእህልና የዶሮ ገበያ ነው። ግን ሸራና ላስቲክ አለ፣ ገመድ አለ፣ ማዳበሪያ አለ፣ የሚሰፋ ሰው አለ። የተሰፋ ድንኳን ለማየት መርካቶ ወርጃለሁ፣ የፋብሪካውን ደግሞ ቦሌ ካሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች ሁለቱ ጋ አይቻለሁ። በብር ብነግራችሁ በሁለት ሳምንት ያረጃል፤ ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በየጭነቱ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ በለመድነው መለኪያ በስንዴ ኩንታል ልንገራችሁ። እኔ የተጠየቅሁት ዋጋ ነው፣ የገበያ ጥናት አይደለም።

አንድ ድርብ የቻይና ክብ ድንኳን፣ የአምናው ዓይነት፣ አንድ ኩንታል ስንዴ ነው። ሁለት ድርብ የሆነ፣ ዘንጉ አሉሚኒየም፣ ዝናብ መከላከያው እስከ መሬት የሚወርድ የፖሊስተር ድንኳን፣ ሦስት ኩንታል። እዚሁ አገር የሚሰፋ ወፍራም የጥጥ ሸራ ድንኳን፣ ከነብረት ቋሚው፣ አምስት ኩንታል ገደማ፤ እንደ ዕድር ድንኳን ያለ ግን ያነሰ በሉት። ከእነዚህ ውጭ የመኪና ሸራ ጨርቅ አሰፍቶ መሥራትም አለ። እሱ ውሃ ፈጽሞ አያስገባም፣ ግን አይተነፍስም፣ ክብደቱም ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ለእህል እንጂ ለሰው አልመክረውም።

ሌላም አማራጭ ሹክ ብለውኛል። የእርዳታ ድርጅት ምልክት ያለበት ድንኳን፣ አዲስ፣ በግማሽ ዋጋ። ጥራቱ ጥሩ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያ ድንኳን የአንድ ተፈናቃይ ቤተሰብ ቤት ነበር። ላኪ ድርጅት ደግሞ የገዢው ኦዲተር ማድረቂያ ጣቢያው ላይ መጥቶ ያን ምልክት ቢያይ ምን እንደሚመልስ ያስብበት። አለፍኩት።

አሁን ስለ ጽሑፉ። የፋብሪካ ድንኳን ላይ ትንሽ ወረቀት ተሰፍታ አለች፣ 1,000 ሚሊ ሜትር፣ 2,000 ሚሊ ሜትር፣ 3,000 ሚሊ ሜትር ይላል። ሻጩን ጠየቅሁት፣ «የጨርቁ ርዝመት ነው» አለኝ። አይደለም። ጨርቁ ላይ ውሃ በቱቦ ቢቆምበት ስንት ሚሊ ሜትር ከፍታ እስኪደርስ ሳያንጠባጥብ ይችላል ማለት ነው። 1,000 ለካፊያ ነው። ከነፋስ ጋር ለሚመጣ ዝናብ ጣሪያው ወደ 3,000 ቢጠጋ ይሻላል። ወለሉ ደግሞ ከጣሪያው መብለጥ አለበት፣ ምክንያቱም ሰው ሲንበረከክበትና ሲተኛበት እርጥብ መሬቱን ይጫናል፣ ውሃው ተገፍቶ ይገባል። የአምናው ወለል ማዳበሪያ የሚሠራበት ዓይነት ላስቲክ ነበር፤ ከላይ የገባው ውሃ መውጫ አጣ፣ ከታች ያለው ግን መግቢያ አላጣም።

«የአራት ሰው» የሚባለውን በግማሽ ያዙት። አራት ሰው ጎን ለጎን ተጣብቆ እንደ ሰርዲን ሲተኛ ማለት ነው፣ ሻንጣ የለም፣ ሚዛን የለም። ለሁለት ጥበቃ ከነዕቃቸው የአራት ሰው ድንኳን ነው የሚገዛው።

ዘንጉን አጣጥፋችሁ እዩት። የፋይበሩ ዘንግ ርካሽ ነው፣ ነፋስ ሲያጎብጠው በርዝመቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥሩም እጅ ይወጋል። አሉሚኒየሙ ቢጎብጥም በፒንሳ ይቃናል። ካስማው በጣት የሚታጠፍ ከሆነ እዚያው ጣሉትና ከብረታ ብረት ቤት የቤንቺናውን ብረት አስቆርጡ፤ እንዲያውም ከድንኳኑ በላይ የሚቆየው እሱ ነው። ገመዶቹን አትናቁ። ብዙ ሰው ድንኳኑን ይተክልና የጎን ገመዶቹን ከረጢቱ ውስጥ ይተዋቸዋል። የኛም እዚያው ነበሩ፣ በፋብሪካው ላስቲክ እንደታሰሩ። ይሄን ጥፋት ለሻጩ መስጠት አልችልም።

እትዬን ይዣት ነው ሁለተኛ ቀን የሄድኩት። እውነቱን ለመናገር ራሷ ናት «እኔም ልየው» ያለችው። ልጇ ዘንድሮም ልሂድ ብሏል፣ ድንኳኑን ሳላይ አለቅም ብላለች። ሻጩ ወጣት ነው፣ ድንኳኑን ዘርግቶ ስለ ቀለሙ ሲነግራት ዝም ብላ ሰማችውና ከቦርሳዋ የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣች። ስፌቱ ላይ አፈሰሰችው። ከዚያ እጇን ከውስጥ አስገብታ ጠበቀች።

«እማማ፣ ዕቃው እኮ አዲስ ነው!» አለ ልጁ።

«አዲስ መሆኑን አየሁ የኔ ልጅ። ውሃ ማስገባቱን ነው የማየው።»

አስገባ። በጨርቁ ሳይሆን በመርፌው ቀዳዳ። ስፌቱ ከውስጥ በፕላስተር መሰል ነገር ካልታሸገ 3,000 ቢባል 5,000 ቢባል ዋጋ የለውም፣ ውሃ በስፌት ነው የሚገባው። ሌላ ድንኳን አመጣ፣ ስፌቱ የታሸገ፣ እንደገና አፈሰሰች፣ እጇ ደርቆ ወጣ። ሻጩም ለኔ ሲል ሳይሆን ለሷ ሲል ዋጋ ቀነሰ። ዩኒየኖች፣ ዘጠኝ ድንኳን ልትገዙ ስትሄዱ ከግዢ ኮሚቴው ጋር አንዲት የጥበቃ እናት ብትወስዱ አይጎዳችሁም።

አሁን ሒሳቡ። ዲፕሎማዬ ቢዝነስ ነው፣ የእርጅና ቅናሽ የሚባለውን እዚያ ተምሬዋለሁ፣ ድንኳን ላይ ግን አስልቼው አላውቅም ነበር። የአንድ ኩንታሉ ድንኳን አንድ ወቅት አገለገለ፣ እሱም ሳይጨርስ። ስለዚህ በወቅት አንድ ኩንታል ነው። የሦስት ኩንታሉ አራት ወቅት ቢቆይ በወቅት 75 ኪሎ ነው። የአምስት ኩንታሉ የጥጥ ሸራ በደንብ ከተያዘ ስምንት ወቅት ይቆያል ብንል በወቅት 63 ኪሎ ገደማ። በዚህ ከሄድን ውዱ ርካሽ ነው። አምና ደግሞ በእውነቱ የከፈልኩት አንድ ኩንታል አይደለም። ድንኳኑ አንድ፣ የተካካድንበት አራት፣ በዚያ ላይ ክሊኒኩና የልጁ የመልስ ጉዞ። የእትዬን «እሺ» በምን እንደምመዝነው አላውቅም።

ታዲያ ለምን የጥጥ ሸራውን አልገዛሁም? በመኪና ነው የምንሄደው፣ ክብደቱ አይከብደንም፤ ጥጥ ደግሞ ይተነፍሳል፣ ለብርድም ይሻላል፣ ክሩ ሲረጥብ አብጦ ቀዳዳውን ይዘጋል። ችግሩ እኛ ተንቀሳቃሽ ነን። ኮምባይነሩ በየሁለት ሦስት ቀኑ ማሳ ይቀይራል፣ ድንኳን የምንነቅለው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ጤዛው ሳይረግፍ። ጥጥ ሸራ እርጥቡን ተጠቅልሎ መኪና ላይ ሁለት ቀን ከዋለ ይሻግታል። በስምንት ወቅት ያሰላሁት በሁለት ወቅት ከበሰበሰ በወቅት ሁለት ኩንታል ተኩል መጣ። ስለዚህ ለኔ የሦስት ኩንታሉ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር መሆኑን አረጋግጡ፤ ናይለን ሲረጥብ ይረግባል፣ በፀሐይም ቶሎ ይደክማል።

ለዩኒየኑ ግን መልሴ ሌላ ነው። የማድረቂያ ጣቢያ ቦታ አይቀይርም። ጥቅምት ላይ የተተከለ ድንኳን ጥር ድረስ እዚያው ነው፣ ቀን ቀን ፀሐይ ያደርቀዋል። ለእናንተ እዚሁ የተሰፋው የጥጥ ሸራ ነው የሚያዋጣው፣ ሲቀደድም እዚያው ጣቢያ ያለ ልብስ ሰፊ ይጥፈዋል። ፕሮፎርማ ስትጠይቁ «ድንኳን 9» ብላችሁ አትጻፉ። «ለሁለት ሰው ከነአልጋቸው፣ ወለሉ የተለየ፣ ሁለት መስኮት ያለው፣ በዝናብና በነፋስ ለአራት ወር የሚተከል» ብላችሁ ጻፉ። ዝቅተኛ ዋጋ የሚወዳደረው አንድ ዓይነት ዕቃ ሲሆን ነው። በጀቱ ዘጠኝ ካላደረሰ ስድስት ጥሩ ገዝታችሁ ጥበቃውን በፈረቃ ማድረግ ይሻላል፣ ይሄ የኔ አስተያየት ነው። ወይም መካከለኛውን ገዝታችሁ ከላዩ በአራት ቋሚ ሸራ መወጠር። 4 በ6 ሜትር የሆነው፣ በየዳሩ ቀዳዳ ያለው ሸራ ለዚህ ልክ ነው፤ ፀሐዩንም ዝናቡንም ቀድሞ እሱ ይቀበለዋል፣ ድንኳኑ ዕድሜው ይረዝማል። እኔም ጨምሬ ገዝቻለሁ፣ ከሾላ።

ቡናና እህል ለምትይዙ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ከድንኳን ግዢው አይተናነስም። ጠዋት ስትነሱ ጣሪያው ከውስጥ ጠብታ ካለው ወዲያው «አፈሰሰ» ብላችሁ ሻጩን አትራገሙ። ሰው ሲተነፍስ ያድራል፣ ውጭው ቀዝቃዛ ነው፣ ትንፋሹ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ውሃ ይሆናል። አንድ ድርብ የሆነ ድንኳን ላይ ያ ውሃ ፊት ላይ ይንጠባጠባል፤ ሁለት ድርብ ሲሆን በውጭኛው ይወርዳል። መድኃኒቱ መስኮቱን ትንሽ መክፈት ነው፣ ብርድ ቢሆንም። ለናሙናስ? ስንዴም ቡናም ከአየሩ እርጥበት ይስባሉ። ጥሬ ቡና ላይ የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ ከ8 እስከ 12.5 በመቶ ነው፤ በ11 የወሰዳችሁት ናሙና በወረቀት ከረጢት ሦስት ሌሊት ሰው በሚተነፍስበት ድንኳን ውስጥ አድሮ ከተማ ሲለካ ያው ቁጥር እንዲወጣ አትጠብቁ። ከዚያ ገዢው «ገበሬው እርጥብ ሰጠ» ይላል። ናሙና በሚከደን ፕላስቲክ ባልዲ ወይም በታሸገ ላስቲክ ይሁን፣ ደብተሩም እዚያው አብሮ።

ብርዱ ሲበረታ ጥበቃዎች ከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ያስገባሉ። ይሄን በግልጽ ከልክሉ። የከሰል ጭስ አልባው መርዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ አይነሳም። «ከሰል አታስገቡ» ብሎ ብቻ መሄድ ደግሞ ፌዝ ነው፤ ብርድ ልብስ ግዙላቸው፣ ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ታጣፊ አልጋ ግዙላቸው። ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የሚገባው።

አተካከሉ ላይ ገበሬዎች ከኛ በላይ ያውቃሉ፣ ጠይቋቸው። መረሬ አፈር ውሃ ሲያገኝ ይያዛል እንጂ አያሳልፍም፣ ለጥ ባለ መረሬ ላይ የተተከለ ድንኳን ሐይቅ ላይ የተተከለ ነው። ትንሽ ተዳፋት፣ ከላይ በኩል በአካፋ አንድ ቦይ፣ በሩ ከነፋሱ ዞር ያለ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አይተከልም፣ መብረቅ አለ።

ድንኳኑን ገዝተን ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ግቢ ውስጥ ተከልነው። ልጁ ተከለ፣ እኔ ገመድ ያዝኩ። ማታ እዚያው አደርኩበት፣ ጎረቤት ሲስቅ። ወገቤ ላይ አንድ ድንጋይ ነበር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግሬ በረደኝ፣ ታጣፊ አልጋውን የጨመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዘንድሮ ባሌ ላይ ሌሊቱን በፈረቃ ነው የምናድረው፣ አንድ ሌሊት እሱ ጋቢና፣ አንድ ሌሊት እኔ። የመጀመሪያው ሌሊት ድንኳኑ የኔ ነው፤ እትዬ ናት የወሰነችው።

ሐሙስ እንወጣለን። የሮቤና የአሰላ የስንዴ ዋጋ ከዚያው ከማሳው ዳር ይለጠፋል፤ ኔትወርክ ካለ ማታ፣ ከሌለ በማግስቱ ጠዋት። የዩኒየኑ ወንድሞች፣ ዝርዝሩን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ላኩልኝ፣ አየዋለሁ።